በሕይወት የለችም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ጠዋት 3 ሰዓት ሱቅ ከፈትኩ። የት/ቤት ዩኒፎርሙ አላለቀልኝም። የዘገየ ወላጅ ሁሉ በመጨረሻ ሰዓት የሚመጣው እኔን ብሎ ይመስል። መርፌ ሁለቴ ተሰበረብኝ።

እትዬ ወርቄ መጡ፣ የትውልድ መንደሬ የግራር ሜዳ ጎረቤታችን። ጨርቅ ሊገዙ መስሎኝ ነበር። በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው እጄን ያዙ። "እንኳን በዓይኔ አየሁሽ" አሉ። ከዚያ አወጡት። መንደራችን ወደ ከተማው ሲገባ፣ በአባታችን መሬት ፈንታ ለእያንዳንዱ ልጅ ምትክ ቦታ ሊሰጥ ስም ተመዝግቧል። ኮሚቴው የመንደሩን ዝርዝር ሕዝብ ፊት ሲያነብ የእኔ ስም ጋ ደረሰ፦ አስካለ፣ በሕይወት የለችም።

ለምን ዝም አሉ አልኳቸው።

"የእኔ ስም ገና አልተነበበም ነበር፣ ልጄ።" አለቀሱ።

እኔ ሳቅኩ። ማስታወሻዬ፣ እውነቴን ነው፣ ሳቅኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ደርቤ ጋ ደወልኩ። ታናሽ ወንድሜ፤ የመሬቱን ጉዳይ የሚከታተለው እሱ ነው። የጽሕፈት ስህተት ነው አለ፣ አስተካክላለሁ፣ አንቺ አትልፊ። ቀለል አለኝ። ደብተሩን፣ ጫማውን ከዚሁ ከመርካቶ እየላክኩ ያሳደግኩትን ልጅ እንዴት ጠረጠርኩት! አፈርኩ። ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ሱቅ ዝግ። በዓይኔ ልየው ብዬ ሄድኩ። ድሮ ከአውቶቡስ ተራ ተሳፍረን አገር ቤት ሄድን የምንለው ግራር ሜዳ ነበር። አሁን የከተማ አውቶቡስ ነው የሚገባው። የሽምብራው ማሳ ኮብልስቶን ሆኗል። ቤታችን የቱ ጋ እንደነበር ዘበኛ ጠየቅኩ። እሱም ከመጣ ገና ወሩ ነው።

ወረዳ ገባሁ። ጸሐፊው መታወቂያዬን አየ፣ ፋይሉን አየ፣ እኔን አየ። ወረቀቱን አዞረልኝ። ሙት ስለሆንኩ ድርሻዬ ለደርቤ ዞሯል። ሞቷን እናውቃለን ያሉ ሦስት ምስክሮች። ሁለቱን አላውቃቸውም። የመጀመሪያው የጣት አሻራ ነው፤ መሃሉን ነጭ መስመር ቆርጦታል። የማጭድ ጠባሳ። ስሙን ማንበብ አላስፈለገኝም።

እማዬ።

ከዚያ ደርቤ ቤት። እሱ የለም፣ እማዬ ደጅ ፀሐይ ትሞቃለች። ስታየኝ ነጠላዋን ሳበች። አንቺ ሱቅ አለሽ፣ እሱ ልጆች አሉት አለችኝ። ወረቀት ላይ ነው እንጂ ማን ገደለሽ አለችኝ።

"ስታትሚ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም?"

"ተንቀጠቀጠ። ደርቤ ያዘልኝ።"

እንዴት መርካቶ እንደተመለስኩ አላስታውስም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
ደርቤ ሱቅ መጣ። ጸሐፊው ነግሮታል መሰለኝ። ካመለከትኩ ምስክሮቹ በሐሰት ቃል እንደሚጠየቁ ጸሐፊው ለእኔም ነግሮኛል። ደንበኛ ፊት ጮኸ፤ እናትሽን በእርጅናዋ ፍ/ቤት ልታቆሚ ነው አለ። ስላደረገው ነገር አንድ ቃል አልወጣውም።

"እኔ ሞቼ የለ? ከሙት ምን ትፈልጋለህ?" አልኩት።

ወጣ። እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ፈታሁት። መልሼ ገልብጬ ሰፋሁት።

እናቴን እጠላት ይሆን? አልችልበትም። ደርቤን ግን እችላለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
እማዬ በሰው ስልክ ደወለች። ደህና ነሽ ወይ አለች። ነገ ወረዳ አብረሽኝ ነይ፣ ልጄ በሕይወት አለች በይ፣ እኔም ተሳስታ ነው እላለሁ አልኳት። ደርቤስ? አለች። እኔ ምን እንደምሆን አልጠየቀችም። ስልኩን ዘጋሁት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14፣ ረፋድ
ወረዳው በር ላይ አንድ ሰዓት ጠበቅኳት። አልመጣችም። ገባሁ።

ማመልከቻውን ሰጠሁ። ጸሐፊው የምስክሮቹን ስም ከፋይሉ አንድ በአንድ እያነበበ ጠየቀኝ።

"የመጀመሪያዋ ምስክር ምንሽ ናት?"

"እናቴ።"

ብዕሩን አንስቶ አየኝ። "ይጻፍ?"

ይጻፍ አልኩ።