የሲና ወረቀት

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 1989

ሲና ዛሬም ቆርኪዎቿን ሕፃናት በማስተምርበት ክፍል መስኮት ሥር ደረደረች። ስሟን ጠራሁ፤ ዞር አላለችም። የአውቶብስ ጡሩምባ ሲነፋ ግን ጆሮዋን ያዘች... ትሰማለች ማለት ነው። አምስት ዓመቷ ነው፤ «ውሃ» ከማለት በቀር አትናገርም። ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች አንብቤ ቀድጄ አስቀምጫለሁ። ቶሎ ከታዩ ይረዳሉ ይላል። ለእናቷ መነገር አለበት። በምን አፍ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ጻፍኩት። «ልጅዎ ከእኩዮቿ የተለየች ስለሆነች ሐኪም ይያት...» የሲና ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። በሠላሳ ዓመቴ ፊደል የለየሁ ሴት፣ ይኸው ለወላጅ ደብዳቤ ጻፍኩ። ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ዓርብም ዛሬም አልመጣችም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ነገሩ ገባኝ። እናቷ ገዲሴ ማንበብ አትችልም። ጎረቤቷ ትሩፋት ደብዳቤዬን ቧንቧው ጋ ጮክ ብላ አነበበችላት። ውሃ ቀጂው ሁሉ ሰማ። ዱሮ ደብዳቤ ይዤ አንባቢ ፍለጋ የዞርኩት እኔ... እንዴት ረሳሁት?

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ጎፋ ሰፈር፣ ገዲሴ ቤት ሄድኩ።

«ሌላ ወረቀት ይዘው መጡ፣ እትዬ ጸሐይወርቅ?»

ባዶ እጄን አሳየኋት። «አጥፍቻለሁ። ላንቺ ብቻ፣ በአፌ መንገር ነበረብኝ።»

በርጩማ ገፋችልኝ። ያየሁትን ብቻ ነገርኳት፤ ከዚያ ጠየቅኋት። ቤት እንዴት ናት?

«አባቷ፣ እኔም አፌን የፈታሁት ዘግይቼ ነው ይላል።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ካወቅሁ ሁለት ዓመቴ። የሚጠይቀኝ ነው ያጣሁት።»

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ሲና ተመለሰች። ገዲሴም ክፍል ገብታ ኋላ ተቀመጠች። ልጅቷን ስጠራ አየችኝና፣ «እትዬ፣ ዝቅ ይበሉላት እንጂ። ከላይ ሲጠሯት አታይዎትም» አለችኝ።

ተንበረከክሁ። ሲና አየችኝ... ከመስከረም ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

ነገ ሦስታችንም ሐኪም ቤት ነን። ለሐኪሙ የሚሰጠውን ወረቀት ዛሬ ጻፍን። ገዲሴ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ። «የተለየች» የሚል የለበትም። ጀርባዋን ሲያሹላት እንደምትተኛ፣ ሰው ሲበዛ እንደምታለቅስ፣ ቤት ውስጥ ቆርኪዎቿን በምን በምን እንደምትለይ... ጋዜጣዬ ላይ ይህ ሁሉ የለም።

ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ሦስተኛው ላይ ከንፈሯ አብሮኝ ይንቀሳቀሳል።

«ሲና የሚለው የቱ ነው?»

አሳየኋት። በጣቷ ዳሰሰችው። ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ከተተችና ፈገግ አለች።

«ትሩፋት ምን ይላል ካለችኝ፣ እኔው ነኝ የማነብላት።»