የኒቬስ ስፌት በሚላኖ

ኒቬስዬ፣ ደስታዬን ለብቻዬ አልችለውምና ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

የብሬዳሊ ፋሽን ቤት መቶኛ ዓመት ኤግዚቢሽን ገባሁልሽ። መሥራቹ ሽማግሌ ከሠራው ከመጀመሪያው ኮርቻ አንስቶ ጫማው፣ የሐር ሻርፑ፣ ሽቶው ሁሉ ተደርድሯል። መሃል ላይ በ1988 የሰፋሻት ቀይ ቦርሳ አለች! ያኔ በስፌት ክፍላችን ከዳቦና ከቲማቲም ጎን ትወረወር የነበረችው፣ እዚህ በመስታወት ተከልላ ዘበኛ ቆሞላታል።

ከሥሯ ግን «የሰፊዋ ስም አይታወቅም» ይላል። ደሜ ፈላ። ኃላፊዋን አስጠርቼ፣ «ልጄ፣ ስፌቱ ወዴት ያዘነብላል?» አልኳት።

«ወደ ግራ።»

«የሌሎቹስ?»

ዞራ አየችና፣ «ሁሉም ወደ ቀኝ» አለች።

«በግራ እጇ የምትሰፋ አንዲት ሴት ብቻ ነበረችን። አለቃችን ‹ፍቺና በቀኝሽ ስፊው› ሲላት፣ ‹እስቲ አንተ ሞክረው› ትለው ነበር።»

ሳቀችና ብዕር አወጣች። «ስሟ ማን ነው?»

«ኒቬስ ካፔኪ» አልኳት። የአባትሽን ስም ነው የሰጠኋት፤ ያኔ ባልሽን ኤሊዮን መች አወቅሽው?

ስምሽ ነገ ጠዋት ይለጠፋል። ቆሜ ላየው የባቡር ትኬቴን አዛውሬያለሁ። ፖስትካርዱ ሞላብኝ፤ ኤሊዮን ሳሚልኝ፣ ስሙን ስላስቀረሁበት እንዳይቀየመኝ።

ያንቺዋ ፊያሜታ