የኮረብታው ኩሬና የጓዳው ባትሪ

ሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን

ለልጄ አባት፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው፣ ማደሪያህ፣ ያ ወገብህስ እንዴት ከረመ? እኛ ደህና ነን። ልጅህ ጫማዋ ጠቧት ሌላ ገዛሁላት፤ እግሯ አንተን ወጥቷል። እኔ ትንሽ ደክሞኛል እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

ይህን የምጽፍልህ የመንደሩ መብራት ኮሚቴ «ጻፊለት» ስላለኝ ነው። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ።

አንተ ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ የመብራት ስብሰባ ተናድደህ ከሄድክ በኋላ፣ የተወሰነው የኮረብታው ኩሬ ተቆፍሮ አለቀ። እንደተባለውም ሠራ። ቀን ሶላሩ ፓምፑን እያስነሳ ውሃውን ኮረብታው ላይ ያወጣዋል፤ ሲመሽ እኔ እከፍትለታለሁ፣ በቱቦ ተንደርድሮ ወርዶ ተርባይኑን ያዞራል፣ መንደሩ እስኪተኛ መብራት አለ። የመጀመሪያው ዓመት ሰው ሁሉ መረቀኝ። ዘንድሮ ግን ውሃው እንዳይሰርግ ኩሬው ውስጥ የተነጠፈውን ላስቲክ ፀሐይ በላውና ተሰነጣጠቀ። ጠዋት ወጥቼ እለጥፋለሁ፣ በማግስቱ ሌላ ቦታ ተቀዶ ይጠብቀኛል። ጉልበቴ ያንን ዳገት ጠልቶታል። የኮሚቴውን ሊቀመንበር ባነጋገርኳቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፤ «ለነገ ይደር»። ሰዉም ስማቸውን ትቶ «አቶ ይደር» ብሏቸው ቀርቷል።

ባለፈው ሐሙስ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ውሃው አለቀ። መብራቱ ጭል ጭል ብሎ ድርግም አለ። ብዙም ሳይቆይ አዋላጇ ከጤና ጣቢያው እየሮጠች መጣች።

«እህቴ፣ አሁን የተወለደ ልጅ አለ፤ ትንፋሹ አልጠናም። የኦክስጅን ማሽኑ ቆመብኝ!»

«ጄኔሬተሩስ?»

«ነዳጅ ካየ ወር አልፎታል!»

ምን ልበልህ። ከዚያ ጓዳ ትተሃቸው የሄድካቸው ሁለቱ ባትሪዎች ትዝ አሉኝ። ለቆራሌው ልሸጣቸው ነበር። ሦስቴ መጣ፣ ሦስቴም እንደ አቶ ይደር «ነገ» ብዬ መለስኩት። በየወሩ የተጣራ ውሃ እየጨመርኩ፣ ጣሪያው ላይ ካለችው ሶላር ሻርጅ ሳደርጋቸው ነው የከረምኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ከነኢንቨርተራቸው በጋሪ ገፍተን ወሰድናቸው። «መጀመሪያ ቀዩን ሽቦ፣ ደግሞ አትቸኩዪ» የምትለው ድምፅህ ጆሮዬ ላይ ነበር። ቸኮልኩ፤ ብልጭ አለና ጣቴን ለበለበኝ። ማሽኑ ግን ተነሳ። የልጁ ትንፋሽ እስኪጠና ሁለት ሰዓት ሙሉ ሠራ። ልጁ አለቀሰ፣ እናቱም አለቀሰች። እኔ ደጅ ወጥቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በነጋታው ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ገና «ይደር» ከማለታቸው፣ አዋላጇ «ልጁ ግን አያድርም ነበር!» አለቻቸው።  ያኔ ተነሳሁ።

«ባለቤቴ እዚሁ ቆሞ ‹ጤና ጣቢያው ያለ ባትሪ አይሆንም› ብሎ ነበር። እኔ ሚስቱ ሆኜ ሳለሁ ከእናንተ ጋር እጄን አወጣሁበት። እንኳን ልደግፈው፣ አስጨርሼም አልሰማሁት» አልኳቸው።

ሁለት ዓመት ላንተ ያላልኩትን ለመንደር ሁሉ ተናገርኩት።

ውሃውን አልጠላሁትም። ለመንደሩ ምሽት አሁንም ከእሱ የሚረክስ የለም። ለትንፋሽ ግን አይደርስም። ግማሽ ትክክል ነበርኩ፤ ሌላውን ግማሽ አንተ ይዘኸው ሄድክ።

እናም ተወሰነ፤ ላስቲኩ ይቀየራል፣ ለጤና ጣቢያው አዳዲስ ባትሪዎች ይገዛሉ። የሚገጥማቸው ሰው ግን የለንም። «ማን ይምጣልን?» ሲባል ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ።

ሥራው አንድ ወር ይፈጃል ይላሉ። እኔ ሳስበው ይበልጣል፤ ባትሪ ከተገጠመም በኋላ የሚከታተለው ይፈልጋል። የማደሪያ ነገር አያሳስብህ።

ያለህበት ሰላም ይሁንልህ። እጅህን ከእሳት፣ ልብህን ከቂም ይጠብቅልህ። ኮሚቴው መልስህን ይጠብቃል። እኔም ኮሚቴው ውስጥ ነኝ።

የልጅህ እናት