መውደቅ የተማርኩበት ቅዳሜ

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ፣ እማዬስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልልም።

የሚያስቅሽን ላስቀድም፤ በዚህ ዕድሜዬ ባለጎማ ጫማ አድርጌ መንሸራተት ጀመርኩልሽ! ከቤታችን ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ ቅዳሜ ቅዳሜ በጎ ፈቃደኞች በነፃ ያስተምራሉ፤ ጫማውንም ሄልሜቱንም ያውሳሉ። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ መስክ ሄዶ ስለነበር ወረድኩ።

አሰልጣኟ ነርስ ናት። መጀመሪያ ያስተማረችን አወዳደቅ ነው፤ ጉልበት አጥፎ ወደ ፊት። ቀጥላ ሄልሜቴን ልታስተካክል እጇን ስታነሳ ፊቴን በሁለት ክንዴ ሸፈንኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

"አይዞሽ እህቴ፣ ማሰሪያውን ላጠብቅልሽ ብዬ ነው" አለችና እጄን ይዛ አንድ ዙር አዞረችኝ። እትዬ፣ ነፋሱ ፊቴን ሲነካኝ እንደ ልጅ ጮህኩ።

ዛሬ አልሄድኩም። ባለቤቴ የበሩን ቁልፍ ይዞት ወጥቷል፤ ሌባ በዝቷል ብሎ ነው። በመስኮት ሳያቸው አሰልጣኟ መጥታ ከሥር ቆመች።

"ምነው ቀረሽ?"

"ጉንፋን ይዞኝ ነው።"

"ታዲያ መድኃኒት ላምጣልሽ፣ በሩን ክፈችልኝ።"

ወደ ተቆለፈው በር ዞር አልኩ። ቀና ብላ ብዙ አየችኝ።

"የምትልኪው ነገር ካለ እጠብቃለሁ" አለች።

ከጠዋት የጀመርኩትን ደብዳቤ ይኸው እሷ ቆማ እየጠበቀችኝ እጨርሰዋለሁ። መልስሽን፣ አሁን ነግራኝ ከደብዳቤው ጀርባ በጻፍኩት በእሷ አድራሻ ላኪው፤ ቤት የሚመጣውን ባለቤቴ ቀድሞኝ ያነበዋል። ለእማዬ ደህና ናት በያት። አንቺ ግን፣ እትዬ፣ ከቻልሽ ሳትጽፊ ነይ።

ሰላሙን ሁሉ ለቤትሽ ያድርግልሽ።

ታናሽሽ