ዓሦቻችንን በድምፅ ማጉያ ላስተማሩልን ዳይሬክተር

ለክቡር ፋንግ ደሚንግ
የሄሹ ተንሳፋፊ የባህር ትምህርት ማዕከል ዳይሬክተር

እጅግ የተከበሩ ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጉሮሮዎ? ደኅና መሆኑን እኛ ጎረቤቶችዎ በየማለዳው ስለምንሰማ፣ ከባህሩ ማዶ ያለው ተራራም እያስተጋባ ስለሚያሰማን፣ ጥያቄዬ ለወጉ ያህል ነው።

እኔ ሊየን ሹዮንግ እባላለሁ፤ በዚሁ በፉጂያን ባህር ላይ፣ ከማዕከልዎ ቀጥሎ ባለው፣ ቤታችንንና የዓሣ መረባችንን በተሸከመው ተንሳፋፊ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ቢጫ ዓሣ የማረባ ሴት ነኝ። ቢጫ ዓሣ ጩኸት የማይችል ፍጥረት መሆኑን የባህር ትምህርት ለሚመሩ ሰው መንገር ድፍረት ነው፤ ይሁንና እንደፍራለን። በእኛ መንደር ድስት አይንኳኳም፣ የሠርግ ርችት የሚተኮሰው የብስ ላይ ተወጥቶ ነው፣ ልጆቻችን እንኳ ሲጣሉ የሚሰዳደቡት በሹክሹክታ ነው። ባለቤቴ ማንኮራፋት የጀመረ ጊዜ መንደሩ መክሮ የብስ ላይ ወደምትኖረው እህቱ ሸኝቶታል፤ ይኸው እስካሁን እዚያው ያንኮራፋል።

እንግዲህ ቅሬታዎቻችን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቻችን የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ. ማዕከሉ በተመረቀ ዕለት የከበሮ ጓድ ስላመጡልን እናመሰግናለን። ዓሦቻችን በድንጋጤ እየዘለሉ ከመረቡ ጋር ሲላተሙ ተመልክተው «አያችሁ፣ እነሱም ደስ ብሏቸዋል!» ማለትዎን መንደሩ መቼም አይረሳም።

፪ኛ. «ጸጥታ ለባህር ሕይወት ያለው ጥቅም» የተሰኘውን ትምህርት ጎህ ሳይቀድ በድምፅ ማጉያ ስለሚያንባርቁልን እናመሰግናለን። ማዕከሉን ሊጎበኙ የመጡ ተማሪዎች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው የተንሳፈፉትን ዓሦቻችንን አይተው ምን ሆነው እንደሆነ ሲጠይቁ፣ አስጎብኚዎ «ፀሐይ እየሞቁ ነው» ብላ መመለሷም ትልቅ ትምህርት ነው። ጎረቤቴ አጎት ዌንግ ይህን ሰምቶ «እኔም ስሞት እንዲሁ በሉልኝ» ብሏል።

፫ኛ. አቤት ባልን ጊዜ ባለሙያ ስለላኩልን እናመሰግናለን። ባለሙያው ችግሩ የዓሦቹ የግንዛቤ እጥረት መሆኑን ደርሶበት የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና እንዲሰጣቸው ወሰነ። ሥልጠናውም ተሰጣቸው። በድምፅ ማጉያ።

አራተኛውን በምስጋና መልክ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። እነዚህ ዓሦች ከጣት ሳይበልጡ ጀምሮ በማዕበልም በብርድም እየተነሣን ያሳደግናቸው፣ ለመጪው አዲስ ዓመት፣ ለፀደይ በዓል ገበያ የምናደርሳቸው ናቸው። ካልደረሱ ርብራባችንን ለቀን የብስ መውጣታችን ነው፤ እኔ ደግሞ የተወለድኩት እዚሁ ውሃ ላይ ነው፤ የማይወዛወዝ አልጋ ላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ተናድጃለሁ፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ፈርቻለሁ። የለመንንዎ በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ ዝም እንዲሉ ብቻ ነበር፤ መልስዎንም ወዲያው፣ በድምፅ ማጉያ ሰጥተውናል።

ለዕውቀት ካለዎት ፍቅርና ለሳንባዎ ጥንካሬ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለዘለዓለም ደቀ መዝሙርዎ መሆኔን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ሊየን ሹዮንግ
ቢጫ ዓሣ አርቢ

ግልባጭ፦
በሕይወት ላሉት ዓሦች

ድኅረ ጽሑፍ፦ በእኛ ወግ አዲስ የመጣ ርብራብ የራሱን መልሕቅ እስኪጥል ድረስ በጎረቤቱ ገመድ ታስሮ በእንግድነት ይቆያል። እርስዎ በንግግር ብዛት መልሕቅ ለመጣል ጊዜ እንዳላገኙ ስለተረዳን፣ መንደሩ ትናንት ማታ በሹክሹክታ ተማክሮ ገመዱን ፈትቶልዎታል። ስለዚህ ከበርዎ ሥር ያስገባንልዎትን ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ የብስ ቀስ እያለ የራቀ ከመሰለዎት አይደንግጡ፤ የብስ የትም አልሄደም። አጎት ዌንግ የባህር ሰላጤው አፍ ላይ መልሕቅ ይዞ በጀልባ ይጠብቅዎታል። እስከዚያው እርዳታ መጥራት ቢያምርዎ ድምፅ ማጉያው አብሮዎት ነው፤ ከዚያ ሆነው ቢጮኹ እኛ ዘንድ እንደማይሰማ ደግሞ አስቀድመን አጣርተናል።