በገጽ አሥራ አራት ላይ ከምሽግ ስለጠፋው ራምዚ

ቡታጅራ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበራችሁና ሁልጊዜም ስብሰባ ላይ ለሆናችሁ የዘማቾች ትዝታ አሰባሳቢና አሳታሚ ኮሚቴ አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናችሁ እንዴት ነው? ከመቀመጥ ብዛት የሚመጣው የወገብ ሕመም ቀለል አላችሁ ወይ? ማኅተማችሁስ ደህና ሰነበተ? ለስብሰባ የሚቀርበው የታሸገ ውኃ ሳይቋረጥ ይመጣል? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከግራ እግሬ በቀር ደህና ነኝ፤ ስለ ግራ እግሬ ወደ ታች በሰፊው ስለማወራ አሁን እንዳትጨነቁ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ስሜ ይታገሱ ሀብተጊዮርጊስ ነው። በ1991 ዓ.ም. ዘምቼ በሰሜን ግንባር ለመቶ ሃያ ሰው ወጥ ሠሪ ነበርኩ። አሁን ከመናኸሪያው ጀርባ ክትፎ ቤት አለኝ፤ ከቡኢ እስከዚህ ድረስ እንደ እኔ ክትፎ የሚያዘጋጅ ሰው ካለ ይምጣና እጁን ልሳም፤ እስካሁን የመጣ የለም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ስምንት ወር የማታ ትምህርት ተከታትያለሁ። መምህርታችን ሲፈን «ጋሽ ይታገሱ፣ ዛሬ ከክፍሉ አንደኛ እርስዎ ነዎት» ብላኛለች። እርግጥ በዚያ ዕለት ሌሎቹ ተማሪዎች ለቅሶ ሄደው ብቻዬን ነበርኩ፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። እንግዲህ ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በቁጥር ከፍዬ ላቀርብላችሁ ፍቀዱልኝ።

1ኛ. ከሦስት ዓመት በፊት ጸሐፊያችሁን አቶ ዘመድኩንን እስከ ክትፎ ቤቴ ድረስ ልካችሁ የዘመቻ ትዝታዬን ስለመዘገባችሁልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራሁ፤ እሱ ገጽ ተኩል ጻፈ። ሌላው የት ደረሰ ብላችሁ እንዳትደክሙ፣ ክትፎው ሲቀርብ አቶ ዘመድኩን ብዕሩን አስቀመጠ፤ እኔ ግን አፌን አላስቀመጥኩም። በዚህም ምክንያት የትዝታዬ ዋነኛው ክፍል ከቆጮው ጋር ተበልቷል። በመጨረሻም የጻፈውን ሳያነብልኝ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክሮ አስፈረመኝ። እኔም የሆድ ነገር ሆኖብኝ ሳይሆን ፊደል የማላውቅ መሆኔ እንዳይታወቅብኝ ብዬ «እስኪ አንብብልኝ» አላልኩትም። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ ሌሎቹን እንካፈላለን።

2ኛ. ባለ ሰማያዊ ሽፋኑ መጽሐፋችሁ በታተመ ጊዜ በገጽ አሥራ አራት ላይ እንዲህ ብላችሁ ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ፦ «ጀግናው ይታገሱ ግራ እግሩን በጥይት ተመትቶ፣ ጓደኛው ራምዚ ከምሽጉ ሲጠፋ፣ ኮረብታውን ብቻውን ሲከላከል ዋለ።» ክቡራን ሆይ፣ እኔ በሕይወቴ ብቻዬን የተከላከልኩት የሽንኩርት ክምር ነው፤ እሱንም ከሠራዊቱ ነው።

መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልዬ ከገንዘብ መያዣው አጠገብ አስቀመጥኩትና ማንበብ የሚችል ደንበኛ ሁሉ ሳያነብልኝ እንዳይጎርስ ደነገግሁ። ከ«ጀግናው» ይጀምራሉ፤ «ተመትቶ» ላይ ሲደርሱ እጄን አንስቼ «በቃ፣ በቃ፣ ትሕትና ደግ ነው» እላለሁ። እንዲህ እያልኩ የዓረፍተ ነገሩን ግማሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልሰማው ኖርኩ።

3ኛ. አሁን ስለ ራምዚ። ራምዚ የመስቃን ሰው ነው፤ በገበያው የበርበሬ መደብ አለው። ከተመዘገብንባት ቀን ጀምሮ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተናል። እሱ የእስላም፣ እኔ የክርስቲያን ሥጋ ስለምንበላ በሥጋ አንገናኝም፤ በምስር ግን ሃያ አራት ዓመት ወንድማማች ሆነን ኖረናል። እና መጽሐፉ የወጣ ሰሞን፣ እኔ ጅል፣ አንዱን ቅጂ በስጦታ መልክ ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ልጁ ሀጀራ ያን ጊዜ ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ ንባቧ እንደ ውኃ ነው። «ነይ እስኪ ልጄ፣ አባትሽም ይስማ፣ ገጽ አሥራ አራትን ጮክ ብለሽ አንብቢልን» አልኳት። ጀመረች። «ተመትቶ» አለችና እዚያ ላይ ራሷ ዝም አለች። ትሕትናዬን የምታውቅ ልጅ ናት ብዬ መረቅኋት። መጽሐፉን ለአባቷ ሰጠችው፤ ራምዚ በዓይኑ ብቻ አነበበና ተነስቶ ወጣ። እኔ እንባው መጥቶበት መሰለኝ! ባለቤቱ ዘይባ ሻዬን ሳልጨርስ ብርጭቆውን ከፊቴ አነሳችው፤ ለጀግና ትኩስ ልትቀዳ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እስከ አሥር ሰዓት ጠበቅሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በመደቡ ሳልፍ «አሰላሙ አለይኩም ራምዚ!» እላለሁ፤ እሱ በርበሬውን ያገላብጣል። እንደቀናብኝ ቆጥሬ አዘንኩለት። ለሰዉም «ዝና ወዳጅ ያስጠፋል፤ ምን ላድርግ» እያልኩ አወራሁ። ይህን ስጽፍ እንኳን ጆሮዬ ይግላል።

4ኛ. ባለፈው ኅዳር ያንን ዓረፍተ ነገር በራሴ ዓይን እስከ አራት ነጥቡ ድረስ አነበብኩት። ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። «ራምዚ ከምሽጉ ሲጠፋ» የሚለው ላይ ስደርስ ጥፋቱ የንባቤ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ለመምህርት ሲፈን ወሰድኩላት፤ እሷም ስታነበው ያው ራምዚ ያው ይጠፋል። ያለ ዕረፍት ስጎርርበት የኖርኩት ወረቀት የወንድሜ የክስ ወረቀት ኖሯል።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ትዝ አለኝ። አቶ ዘመድኩን «ከባድ መሣሪያው እንደገና ሲጀምር ራምዚ ምሽግ ውስጥ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «የለም፣ ሄዷል» አልኩት። ቀጥዬም የት እንደሄደና ማንን ይዞ እንደሄደ ልናገር ስል ክትፎው ደረሰ።

5ኛ. ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ ለእርማት በመጣሁ ጊዜ ስላደረጋችሁልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። አራት ቀን ተመላለስኩ፤ በአምስተኛው ቀን ወይዘሪት አደይ የምትባለው ሠራተኛችሁ አነጋገረችኝ። ቅን ልጅ ናት፤ ያልተናገረችው እውነት የለም። «እርማት የሚገባው በሁለተኛው እትም ነው» አለችኝ። ሁለተኛው እትም መቼ ነው? «የመጀመሪያው ሲያልቅ።» እሱስ መቼ ያልቃል? «ጋሼ፣ ማን ይገዛዋል ብለው ነው?» አለችኝ። ይህን በማኅተም አስደግፋ ብትሰጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ቀጥሎም አንድ የኮሚቴ አባል ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲያልፉ አግኝቼ ስለምናቸው፣ እርማቱ በዓይን ምስክር መደገፍ እንዳለበት አስረዱኝ። አሁን የሚገኝልኝ የዓይን ምስክር ራምዚ ብቻ ነው አልኳቸው። መጽሐፉን ገለጥ አድርገው አዩና፣ በገጽ አሥራ አራት ላይ ከምሽግ የጠፋ መሆኑ ስለተመዘገበ ምስክርነቱ እንደማይታመን ነገሩኝ። እንዲህ ያለ ጠንካራ ምሽግ በግንባር ሳለሁ አላየሁም። ይህን የሠራ ሰው ያኔ ቢኖረን ኖሮ እኔም በእርግጥ ኮረብታ እጠብቅ ነበር።

6ኛ. ከሦስት ሳምንት በኋላ በምታከብሩት የዘማቾች ቀን መጽሐፉ በአደባባዩ በድምፅ ማጉያ እንዲነበብ ስለወሰናችሁ፣ አንባቢዎቹም ከየትምህርት ቤቱ እንዲመረጡ ስላደረጋችሁ አመሰግናለሁ። ከትምህርት ቤቷ የተመረጠችው ሀጀራ ናት። የደረሳትም ገጽ አሥራ አራት ነው። «አላነብም» ብላ ወላጅ እንድታመጣ ተነግሯታል። ወላጇን ከየት ታምጣው? እናንተ ዘንድ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው።

7ኛ. እንግዲህ ሁለተኛ እትም የለም፣ ምስክር የለም። ያለሁት እኔ ነኝ። ከዚህ በታች ያለውን ደንበኞቼ ሲያነቡት ጉርሻውን በአፍንጫቸው እንዳያወጡት ቀስ ብለው ይጎርሱ ዘንድ አሳስባለሁ።

እኔን ጥይት አልመታኝም። የመታኝ ምስር ነው።

በዚያ ጠዋት በተቆረጠ በርሜል የመቶ ሃያ ሰው ምስር ወጥ እያማሰልኩ ሳለሁ፣ ሁለት ኮረብታ ተሻግሮ አንድ የከባድ መሣሪያ አረር ወደቀ። ሁለት ኮረብታ ተሻግሮ ነው የምላችሁ! እዚያ ዶሮ ቢኖር ኖሮ ጥሬውን ከመልቀም አይመለስም ነበር። እኔ ግን ወደ ምሽጉ ልዘል ብዬ በግራ እግሬ እስከ ባቴ ድረስ ምስሩ ውስጥ ገባሁ። ጓዶቼ ጩኸቴን ሰምተው እየሮጡ መጡ። ስድስቱ በርሜሉ እንዳይደፋ ደገፉ፤ እኔን የደገፈኝ ራምዚ ብቻ ነው። ምስሩም አልባከነም፤ በኋላ እንደሰማሁት «ዛሬስ ጨው አስተካክሏል» ተብሎ ተበልቷል።

ራምዚ ጫማዬን በምላጭ ቀዶ አወለቀልኝ፤ የቀን ውኃውን፣ ኮዳውን እስከ ጠብታው፣ እግሬ ላይ አፈሰሰው። ከአለቃችን ፈቃድ ተቀብሎ አዘለኝና ሸለቆውን ይዞ ወረደ። ተኩሱ እንደገና የጀመረው መንገድ ላይ ሳለን ነው። በየቋጥኙ ሥር እየተጋደምን፣ እየተነሳን አምስት ሰዓት ሙሉ ተሸከመኝ። እሱ ይሸከማል፣ እኔ አወራለሁ። «ይታገሱ፣ ወይ ዝም በል፣ ወይ ውረድ» አለኝ። ዝም አልኩ፤ በዚህ ዓለም ዝም ያልኩት ያን ዕለት ብቻ ነው። ሕክምናው ጋ ስንደርስ ከንፈሩ በጥም ተሰነጣጥቆ ደም ይዞ ነበር።

ሐኪሙ «ምን መታው?» ሲል፣ ተራ የሚጠብቁት ቁስለኞች እንዳይስቁብኝ ራምዚ ኮስተር ብሎ «ጥይት» አለ። ሐኪሙ እግሬ ላይ የተጣበቀውን እያነሳ «ይሄ ጥይት ሽንኩርት አለው» አለ። ራምዚ ግን ቃሉን አልቀየረም። ሀገራችን ከተመለስን በኋላም፣ እኔ በየሠርጉ ስለ ጥይቷ ስለፍፍ አጠገቤ ተቀምጦ አንድ ቀን «ምስር» ብሎ አያውቅም። ጥይቷን የሰጠኝ እሱ ነው ማለት ነው። እኔም በሰጠኝ ጥይት እሱኑ መታሁት።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ብቻ ነው፦ በገጽ አሥራ አራት ላይ ያለውን ሸፍኖ እውነተኛውን የሚናገር ቁራጭ ወረቀት ይለጠፍ። መጽሐፎቹ ሁሉም መጋዘናችሁ ውስጥ ስላሉ ፍለጋ አያደክማችሁም። ማጣበቂያውን ከዱቄት አፍልቼ እኔው አመጣለሁ፤ እለጥፋለሁም። «ጀግናው» የሚለውን ከእኔ ስም ላይ አንስታችሁ የት እንደምታደርጉት ደግሞ እናንተን ማስተማር ድፍረት ይሆንብኛል።

ለስብሰባችሁ ረጅም ዕድሜን፣ ለወንበራችሁ ምቾትን፣ ለብዕራችሁም ከማዕድ በኋላ ብርታትን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር በጣቴ ሳይሆን በስሜ የፈረምኩት፣

ይታገሱ ሀብተጊዮርጊስ
የቀድሞ ወጥ ሠሪ፣ በምስር የቆሰለ

ግልባጭ፦
ለሀጀራ ራምዚ፣ በትምህርት ቤቷ በኩል
ለመናኸሪያው የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለክትፎ ቤቴ ግድግዳ፣ መጽሐፉ ለነበረበት ቦታ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ራምዚ መደብ ድረስ ወስጄ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ፊቱ አልተፈታም። ሲጨርስ ወረቀቱን መልሶ እየሰጠኝ «ሦስት ሰዓት አይደለም የተሸከምኩህ፤ አምስት ነው» አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያናገረኝ የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው። ከጆሮው ላይ ብዕሩን አንስቶ ሰጠኝ፤ እዚያው የበርበሬ ጆንያ ላይ አስደግፌ ሦስትን ሰርዤ አምስት አልኩ። ምስክር አልጠየቅሁትም፣ ሁለተኛ እትምም አልጠበቅሁም፤ በርበሬው እስኪያስነጥሰኝ ድረስ እንኳ ጊዜ አልፈጀም። እናንተ ዘጠኝ ሰዎች ናችሁ። ብዕር ከቸገራችሁ ራምዚ ጋ አለ።