ፍሪሲዮኑን የያዘው እግሬ አይደለም

ጥር 23፣ ማክ. ጠዋት

አንተ ደብተር፣ ምን ታፈጣለህ? አንተም «እግሩ ነው» ልትል ነው?

ዛሬም ያው። ፍሪሲዮን እረግጣለሁ፣ ፔዳሉ ወርዶ ይቀራል። አጎንብሼ በእጄ አነሳዋለሁ። ማርሹ ይንቋቋል። ላንድሮቨሯ የአባቴ ናት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እንዲህ ሆና ግን አታውቅም።

እሁድ ሞጣ ሙሽሮች የምትይዘው እሷ ናት። የሙሽራው አባት አቶ ምትኩ ራሳቸው ናቸው የለመኑኝ። ትናንት ሞጣ ለጋሽ ባዬ አሳየኋት። መካኒክ ተብዬ! ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። አንዴ ረገጠና፣ መናኸሪያው ሙሉ እየሰማ፦ «ወንድሜ፣ መኪናዋ ምን አጠፋች? እግርህን ፔዳል ላይ ሰቅለህ ትነዳለህ! የፍሪሲዮኑን ዲስክ ጠብሰኸዋል። ካምቢዮ ይውረድ!»

ሰው ሳቀ። አቶ ምትኩም ቆመው ነበር። አልሳቁም። የባሰው እሱ ነው።

ከሰዓት

አቶ ምትኩ ደወሉ። በትህትና። ሙሽራ ይዛ መንገድ ላይ ከቆመች ነውር ነው፣ ሚኒባስ ላፈላልግ አሉ። ይታገሱኝ አልኩ። እሺም አላሉ፣ እንቢም አላሉ።

እዚህ ቢቸና አገሬው ነገ ምን ይለኛል? ሙሽራ የተነጠቀ ሾፌር!

ጥር 24፣ ረቡዕ

ከስር ገባሁ። እማዬን ፔዳል እንድትረግጥ ከላይ አስቀመጥኳት። ረገጠች። ወርዶ ቀረ። የማርሹ ካምቢዮ ጎን ትንሽ የፍሪሲዮን ፓምፕ አለች፤ የአየር ማስወጫ ቡሎኗን ላላ አደረግኩ። ፊጭ! ዘይቱ ፊቴ ላይ። ፍሪሲዮኑ ወዲያው ተለቀቀ።

ገባህ? የተጠበሰ ዲስክ ይንሸራተታል እንጂ እንዲህ ተረግጦ አይቀርም። አንቆ የያዘው ዘይቱ ነው፣ መመለሻ አጥቶ። ጮህኩ። እማዬ የሞትኩ መስሏት ዘላ ወረደች።

ዘይቱ ግን ምን ሆኖ ነው? እንደ አተላ ጠቁሯል።

ጥር 25፣ ሐሙስ

ፔዳሉ የሚገፋውን የላይኛውን ፓምፕ ፈታሁ። ውስጡ ያለው ፒስተን ውሃ ነክቶት ዝጎ ተጣብቋል። ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በፍሬን ዘይት ነው፤ እዚያ ውስጥ ውሃ ምን አባቱ ይሠራል! ዘይት የሸጠልኝን ሁሉ ረገምኩ።

እማዬ ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፦ «የጥምቀቱ ጠበል ይሆናል።»

«የቱ ጠበል?»

«አባትህ ካረፈ ወዲህ፣ ከባሕረ ጥምቀቱ በተመለስኩ ቁጥር ለመኪናዋ ጠብ አደርግላታለሁ። ክዳን ባገኘሁበት። ዘንድሮም። ታዲያ አንዴስ ገደል ገባህ?»

ደብተር፣ መልስ ካለህ አንተ በል!

ጥር 26፣ ዓርብ

በብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን ፈገፈግሁ። የፓምፑ ጎሚኒ ከባ/ዳር በሚኒባስ መጣ። አዲስ ዘይት። የፍሬኑንም ለወጥኩ፣ ለነፍሴ። አየሩን አስወጣን። ፔዳሉ ይወርዳል፣ ይመለሳል! እግ/ር ይመስገን።

ለአቶ ምትኩ ደወልኩ። ደስ አላቸው፣ ግን ባዬ አይቶ ይመስክር አሉ። ባዬ! እሱ ደግሞ «ውሃውን ማን ጨመረ?» ቢለኝስ? እናቴን መናኸሪያ ላይ አላስቅባትም። ሚኒባሱን ይውሰዱ፣ ይቅር።

ይህንኑ ነገርኳት። ተቆጣች። «ማን ይቅር አለህ? እኔው እመጣለሁ። ጠበል ጨመርኩ እላለሁ፣ ጠበል ሌብነት ነው? እሱስ ክዳኑን ከፍቶ አይቷል?»

ጥር 27፣ ቅዳሜ ጠዋት

እማዬ ነጠላዋን ለብሳ ጋቢና ተቀምጣለች። ክላክስ ትመታለች፣ ና ውጣ ነው።

ልሄድ ነው። የሞጣ ገበያ ሳይበተን፣ አቶ ምትኩ ባሉበት፣ ይቺን ብቻ እጠይቀዋለሁ፦ ባዬ፣ ካምቢዮ ይውረድ ከማለትህ በፊት የዘይቱን ክዳን ከፍተህ አይተሃል ወይስ አላየህም? መልስ! ጮክ ብለህ፣ እግሬን በሰደብክበት ድምፅ!